ሽቦውን ያሰርኩት እኔ ነኝ

ይህ የደረሰው አምና ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ሰው አልሞተም፣ አካሉ የጎደለም የለም። የሥራ ባልደረቦቼ እንደ ቀልድ ያወሩታል። እኔ ግን ማሽን ባስነሳሁ ቁጥር ስለሚታወሰኝ፣ ልጽፈው ወሰንኩ።

የምሠራው ሀዋሳ ውስጥ ካርቶን በሚያመርት ፋብሪካ ነው። የውሃ፣ የዘይትና የሳሙና ካርቶን እንሠራለን። እኔ የማተሚያው ማሽን ኦፕሬተር ነኝ። ጠፍጣፋው ካርቶን በአንድ በኩል ይገባል፤ በሁለት ከባድ ሮለሮች መሀል ያልፍና ጽሑፍ ታትሞበት በሌላ በኩል ይወጣል። ሮለሮቹ ላይ የብረት ክዳን አለ። ክዳኑ ሥር አንዲት ትንሽ ማብሪያ አለች። ክዳኑ ሲዘጋ ትጫናለች፣ ሲከፈት ትለቃለች፤ ያኔ ማሽኑ በራሱ ይቆማል።

ካርቶን በቀን አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ይወተፋል። እሱን ለማውጣት ክዳኑን ስከፍት ማሽኑ ይቆማል። እንደገና ተነስቶ ቀለሙ እስኪስተካከል ጊዜ ይሄዳል። የፈረቃ አለቃችን አቶ ብርሃኑ ደግሞ ሰዓታቸውን እያዩ አጠገቤ ይቆማሉ። አንድ ቀን ሰለቸኝና ማብሪያዋን እንደተጫነች እንድትቀር በሽቦ አሰርኳት። ከዚያ ወዲያ ክዳኑ ቢከፈትም ማሽኑ አይቆምም። ሥራዬ ፈጠነ። አቶ ብርሃኑ አመሰገኑኝ። እንዴት እንደፈጠነ አልጠየቁኝም።

ሦስት ወር ያህል እንዲሁ ሠራሁ።

ከዚያ ድርጅቱ የሥራ ላይ ደህንነት አሰልጣኝ ጋበዘ። ኢንጂነር ታምራት ይባላሉ፤ ረጋ ያሉ፣ ጎልማሳ ሰው ናቸው። ጠዋት አዳራሽ ውስጥ አስተማሩን። ከሻይ በኋላ ወደ ማሽኖቹ ወሰዱንና ከሁሉ ማሽን መርጠው የእኔ ፊት ቆሙ።

«ይህ ክዳን የእናንተ ጠባቂ ነው» አሉ። «ማሽኑ እየሠራ እከፍተዋለሁ። በራሱ ሲቆም ታያላችሁ። ወንድሜ፣ አስነሳው እስቲ።»

ወንድሜ ያሉት እኔን ነው። ሥራ አስኪያጁ እዚያው ቆመዋል፤ አቶ ብርሃኑም አሉ። «ይቅርታ፣ አይቆምም» ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ነው። አላልኩም። ይልቅስ አንድ ዘዴ መጣልኝ። ቀዩ ማቆሚያ እጄ ሥር ነው። እሳቸው ክዳኑን ሲያነሱ እኔ ቀዩን እጫናለሁ፤ በራሱ የቆመ ይመስላል፤ ነገሩም ያልፋል።

አስነሳሁት። ክዳኑን አነሱ። ተጫንኩ። ማሽኑ ቆመ። ሠራተኛው አጨበጨበ። ኢንጂነሩ ደስ አላቸው፤ እውነቱን ለመናገር እኔንም ደስ አለኝ።

«ከኋላ ያላችሁ አላያችሁም» አሉ። «ቀረብ በሉ። አንድ ጊዜ እንድገመው።»

ይህን አላሰብኩበትም። እንደገና አስነሳሁት። ሰዉ ቀረብ ሲል በእኔና በእሳቸው መሀል ገባ። የሚታየኝ የሰው ጀርባ ብቻ ሆነ። አንገቴን ባሰግግም ክዳኑ ይነሳ አይነሳ ማየት አልቻልኩም።

ክዳኑ ተነስቶ ነበር። ኢንጂነሩ ባስተማሩን መሠረት የጆሮ መሸፈኛ አድርገዋል፤ ስለዚህ የማሽኑን ድምፅ አልለዩም። የተወለወለ ሮለር ደግሞ ሲዞርም ሲቆምም መልኩ አንድ ነው። የቆመ መስሏቸው ጎንበስ አሉና «እጅ የምትበላው ቦታ ይህቺ ናት» ብለው በጣታቸው አመለከቱ። ያመለከቱት ጣት ምንም አልሆነም። አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለው የመታወቂያ ባጅ ግን ሮለሮቹ መሀል ገባ። ገመዱ ተከተለ። እሳቸውም ገመዱን ተከተሉ።

ጩኸት ስሰማ ቀዩን ተጫንኩ። ግን ከባድ ሮለር ወዲያው ቀጥ አይልም፤ ጥቂት ዞሮ ነው የሚቆመው። የኢንጂነሩ ጉንጭ ከሮለሩ አንድ ስንዝር ሲቀረው እትዬ ታደለች ደረሱ። እትዬ ታደለች በማሽኑ ጫፍ ካርቶን በገመድ የሚያስሩ፣ ሲሠሩ መዝሙር የሚያንጎራጉሩ እናት ናቸው። የኢንጂነሩን ኮሌታ በአንድ እጅ ይዘው በሌላው እጅ ገመዱን በካርቶን መቁረጫ ቢላ በጠሱት። ኢንጂነሩ ወደ ኋላ ወደቁ። ባጁ በሌላ በኩል ወጣ። ፎቶአቸው ላይ «በጥንቃቄ ይያዝ» የሚል ታትሞበታል።

የሳቀ አልነበረም። የሚስቁት አሁን ነው።

ኢንጂነሩን ካርቶን ላይ አስቀመጥናቸውና ውሃ ሰጠናቸው። አንገታቸው ዙሪያ ቀይ መስመር ወጥቷል። ሲረጋጉ ወደ እኔ ዞሩ። ድምፃቸው ከፍ አላለም።

«መጀመሪያ ስከፍተው ለምን ቆመ?» አሉኝ።

ለምን አልቆመም ብለው ቢጠይቁኝ ምናልባት እዋሽ ነበር።

«እኔ ነኝ ያቆምኩት» አልኩ። ሽቦውንም አሳየኋቸው።

«ማነው ያሰረው?»

«እኔ ነኝ።»

«እሰር ያለህ ማነው?»

አቶ ብርሃኑ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

«እሰር ያለኝ የለም» አልኩ። «ፍጠን ያለኝ ግን አለ።»

ኢንጂነሩ ሽቦውን ራሳቸው በፒንሳ ፈቱትና ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ተነስተው፣ በቀላው አንገታቸው፣ የቀረውን ትምህርት እስከ መጨረሻው አስተማሩ።

እኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ሁለት ሳምንትም ከሥራ ታገድኩ። ተመልሼ ወር ሳይሞላኝ አስቸኳይ ትዕዛዝ መጣና አቶ ብርሃኑ ጠጋ ብለው «ያቺን ነገር ለዚህ ሳምንት ብቻ እንደ ድሮው ብናደርጋት?» አሉኝ።

«አላስርም» አልኳቸው። «ሌላ ሰው ካሰራትም እኔ አላስነሳም።»

ለብዙ ቀን ሰላምታ ነሱኝ። ትዕዛዙ ሁለት ቀን ዘግይቶ ወጣ። ሌላ የሆነ ነገር የለም።

ሳልናገረው የማላልፈው ከእትዬ ታደለች ጋር ያወራነውን ነው። ከእገዳ በተመለስኩበት ቀን ማታ፣ ከሥራ ወጥተን ወደ ታቦር የሚሄድ ባጃጅ ስንጠብቅ አመሰገንኳቸው። እንዴት እንደዚያ ፈጥነው እንደደረሱም ጠየቅኳቸው። ቢላው ሁልጊዜ ጠረጴዛ ላይ ነበር የሚቀመጠው።

«ሽቦውን ስታስር አይቼሃለሁ» አሉኝ። «ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢላውን ከሽርጤ ኪስ አላወጣሁትም። የአንተን እጅጌ እቆርጣለሁ ብዬ ነበር የምጠብቀው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

እትዬ ታደለች ገረማቸው። «ነግሬህ የለም እንዴ? ሁለት ጊዜ ነግሬሃለሁ። ሁለቴም እሺ እትዬ ብለኸኛል።»

ባጃጁ መጣና ተሳፈርን።

የነገሩኝን ቀን ለማስታወስ ብዙ ሞክሬያለሁ። እስከ ዛሬ ትዝ አይለኝም። እሳቸው እንደማይዋሹ አውቃለሁ። አሁን ሰው ማሽኑ አጠገብ መጥቶ ሲያናግረኝ አቁሜ እሰማለሁ፤ ነገሩ የማይረባ ቢሆንም። አቶ ብርሃኑ በዚህም ይናደዳሉ።