ጎድሏል ያልኩበት ቀን

አዳማ ውስጥ ነዳጅ አውቃለሁ የሚል ሰው ሁሉ፣ ወይ ከእኔ ተምሯል ወይ ከእኔ ከተማረ ሰው ተምሯል። ትምህርት ቤት ያየሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። እንግሊዝኛውን ከበርሜል ላይ ጽሑፍ ለቅሜ፣ ሒሳቡን ራሴ ታግዬ ነው ያወቅኩት። የቦቴ ክዳን ከፍቼ በማሽተት ብቻ ናፍጣው ውስጥ ነጭ ጋዝ መግባቱን እናገራለሁ። በሠራዊቱ የነዳጅ ዴፖ ኖሬ በሃምሳ አለቃነት ጡረታ ስወጣ፣ የሚተካኝ ጠፍቶ ሁለት ጊዜ መልሰው ጠርተውኛል። ይህን የምጽፈው ለጉራ አይደለም፤ ቀጥሎ የምናገረውን ያደረግኩት ሥራውን ሳላውቅ ቀርቼ እንዳይመስል ነው።

ኋላ የነዳጅ ሚኒስትር የሆኑትን ሰው ያወቅኳቸው ምክትል መቶ አለቃ ሆነው ሞጆ አጠገብ ወደነበረው ዴፖአችን ሲመደቡ ነው። ጫማቸው ያብረቀርቃል፣ የመለኪያውን ዘንግ አያያዝ ግን አያውቁም። እኔ አስተማርኳቸው፤ ነዳጅ ሲሞቅ እንደሚጨምር፣ ሲቀዘቅዝ እንደሚቀንስ፣ ቦቴ ቆሞ ሳይረጋ እንደማይለካ። ሰምተውኛል፤ ግን ትዕግሥት አልነበራቸውም። እሳቸው የሚወዱት አጭር ሪፖርት ነው። ጠዋት አሰልፈውን «ሞልቷል ወይስ ጎድሏል?» ሲሉ በአንድ ቃል መመለስ ነው። ምክንያት የጨመረ ሰው እስከ ምሳ ሰዓት ፀሐይ ላይ ይቆማል። እኔም አንድ ቀን ቆሜያለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ከምድቡ ሁሉ እንደ እኔ አጭር ሪፖርት የሚያቀርብ አልነበረም።

በዚህ አሠራራቸው አደጉ። ሻምበል ሆኑ፣ ሻለቃ ሆኑ፣ ኮሎኔል ሆኑ። ከዚያ ዩኒፎርሙን አውልቀው ሱፍ ለበሱ። በመጨረሻ የነዳጅ ሚኒስትር ተብለው ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ በቴሌቪዥን አየኋቸው። ለሰፈሩ ሁሉ «ዘንግ ያስያዝኳቸው እኔ ነኝ» አልኩ።

«እስቲ እንግዲያው ይደውሉላቸው፣ ጋሼ» አለኝ ባጃጅ የሚነዳው ጎረቤቴ። «ቤንዚን ሰልፍ ላይ ጢሜ አደገ።»

ቤንዚን አልመጣም፤ መመሪያ መጣ። ከጅቡቲ የጫነው ነዳጅ ዴፖ ሲደርስ ጎድሎ የተገኘበት ሹፌር እንደ ሌባ ይያዛል የሚል።

የልጄ ባል የቦቴ ሹፌር ነው። ጅቡቲ በቀትር ሐሩር የጫነውን ናፍጣ፣ ሌሊቱን ቦቴው ዝናብ ሲመታው አድሮ፣ ማለዳ አዳማ ዴፖ አስረከበ። የክዳኑ እሽግ አልተነካም። ናፍጣው ግን ጎደለ፤ ሰውየው ታሰረ። እኔ የሁለቱን ቦታ ሙቀት አፈላልጌ ሒሳቡን ሠራሁት። የጎደለው ልክ ቅዝቃዜው የቀነሰውን ያህል ነበር። በአንድ ገጽ፣ ማንም በሚያነበው ጽሑፍ፣ ገለበጥኩት።

ሚኒስትሩ ያንኑ የአዳማ ዴፖ ሊጎበኙ ሲመጡ በሩ ላይ ተገኘሁ። ጥበቃው የድሮ ወታደር ነው። «አካም ጅርቱ፣ አባ» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አለኝ። «ወረቀቱን ሰጥተው ቶሎ ይውጡ፤ እንጀራዬን እንዳያሳጡኝ።»

ሚኒስትሩ ከሩቅ አወቁኝ። «ሃምሳ አለቃ! አሉ እንዴ? እኔማ ነፍስ ይማር ብዬ ነበር!» ብለው ሳቁ። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። ወደ ካሜራዎቹ ዞረው «ነዳጅ ያስተማሩኝ እኚህ ናቸው» አሉ። በዚያ ግቢ ከእኔ የሚበልጥ ሰው አልነበረም።

«ጌታዬ፣ የታሰረው ሹፌር የልጄ ባል ነው። ስሌቱን ይዤ…»

ረዳታቸው በጆሯቸው አንድ ነገር ሹክ አላቸው። ፊታቸው ተለወጠ። «ሃምሳ አለቃ!» አሉ በድሮው ድምፅ። «ሞልቷል ወይስ ጎድሏል?»

ተረከዞቼ በራሳቸው ገጠሙ። «ጎድሏል፣ ጌታዬ!»

«ሰማችሁ? ወታደር ማለት ይህ ነው! ለልጁ ባል እንኳ አልዋሸም!»

ተጨበጨበልኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ጭብጨባው እስኪያልቅ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር። ልብ ስል መኪናው ሄዷል፤ ወረቀቱ እጄ ላይ ነው።

ልጄ ቪዲዮውን በስልኳ አይታ ጠበቀችኝ። «አባዬ፣ ቅዝቃዜውን ለምን አልነገርካቸውም?»

«አልጠየቁኝም።»

«እኔ ልጠይቅህ። አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር አቅቶህ ነው?»

በሩን ዘጋችው።

ፍርድ ቤት ቪዲዮው ታየ። ዳኛዋ ወረቀቴንም አነበቡ፤ ከዚያ «እዚህ ላይ ጎድሏል የሚሉት እርስዎ ነዎት?» አሉኝ። «እኔ ነኝ።» የልጄ ባል ሰባት ዓመት ተፈረደበት። ይግባኙም አልተሳካም። ሚኒስትሩ ከፍ ያለ ሹመት አግኝተው ከነዳጅ ወጡ። መመሪያው እንዳለ ነው።

ቢሆንም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ያደረግኩት ይህ ነው፤ ያለ ጠበቃ አሥራ አንድ አቤቱታ በራሴ እጅ ጽፌያለሁ፣ አንዱም በጽሑፍ ጉድለት አልተመለሰም። ፍራሽና ብርድ ልብስ አስገብቼለታለሁ። እስር ቤት በየሳምንቱ እሁድ እሄዳለሁ፤ ታምሜ እንኳ አልቀረሁም፣ እሱም አንድ ቀን ስለዚያ ጉዳይ አንስቶብኝ አያውቅም። ሦስት ሹፌሮችን ሙቀት መዝግበው እንዲጭኑ አስተምሬያለሁ፤ አንዱ ታስሯል፣ ሁለቱ ሥራውን ትተዋል። ልጄ ባለፈው ወር ስልኬን አነሳች። የባሏ ፍራሽ ተቀዶ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አልተቀደደም አልኳት፣ ዘጋችው።