ስሟን ራሷ ትናገር

ሲስተር ሂዳያን ያናደደ ወዮለት፤ ጩኸቷ ከክሊኒኩ አልፎ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር መንገድ ላይ ይሰማል። ከድሬዳዋ መጥታ ሀርጌሳ የከረመች ነርስ ናት፤ ተለማማጅ ነርሶችን ታሠለጥናለች።

ዛሬ ያስጮኻት ተማሪዋ ሙሰዓብ ነው። የኢንሱሊን መርፌ ይዞ አንዲት ታካሚ አጠገብ ቆመና በሶማሊኛ «ሆዳን ነሽ?» አላት። ልጅቷ «ሃ» አለች፤ አዎ ማለቷ ነው። ክንዷን ሊወጋ ሲል ሂዳያ እጁን አፈፍ አደረገችው።

«አስተግፊሩላህ! ሆዳን ያችኛዋ ናት! ይቺ ወባ ነው ያመማት፤ ስኳር የለባትም። ልትገድላት ነው?»

«ጠይቄያት እኮ አዎ አለችኝ።»

«ስሙን አንተው ካቀበልካት ምን ትበል? ‹ስምሽ ማን ነው› በል፣ ራሷ ትናገር! ስንቴ ልንገርህ?»

ልጅቷ ኡምሰልማ ናት፤ በቅርቡ ከወሎ መጥታ እዚሁ ሀርጌሳ፣ ጋአን ሊባህ ሰፈር፣ ሰው ቤት ተቀጥራለች። ሂዳያ በንዴቷ እንዳለች በአማርኛ ዞረችባት።

«አንቺስ፣ ሳይገባሽ ለምን ‹ሃ› ትያለሽ?»

ኡምሰልማ ብርድ ልብሱን ወደ አገጯ ሳበች።

«አሠሪዬ ያስተማረችኝ እሱን ብቻ ነው፣ ሲስተር። ‹አይደለም› በእነሱ ቋንቋ ምን እንደሚባል አላውቅም።»

«‹ማያ› ነው የሚባለው!» ሂዳያ አሁንም እየጮኸች ነበር። «በይ፣ ማያ በይ! ጮክ ብለሽ!»