ለምርጫ ካርድ የተነሣችው ፎቶ

እናቴ ከቸሃ ወጥታ ወልቂጤ እኔ ቤት የገባችው አባቴ በሞተ በዓመቱ ነው። እኔ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። ያን ሰሞን የትምህርት ቤታችን አንድ ክፍል የምርጫ ጣቢያ ሆኖ፣ እኔም መራጮችን መዝጋቢ ተደርጌ ነበር።

«ይሄ መራጭ የምትሉት ምንድነው?» አለችኝ እራት ስንበላ።

አይ የአስተማሪ ነገር! መረጠ ማለት ከብዙ መሀል አይቶ ለየ ማለት ነው፤ ምርጫም ምርጥም ከዚያው ይወጣሉ፤ ግእዙ ግን ኅሩይ የሚል የራሱ ቃል አለው፤ እያልኩ ለፈለፍኩላት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«እንሰቱ መሀል ገብቼ፣ ይሄኛው ደርሷል፣ ይቆረጥ እንደምለው ነው?»

«እሱ ነው።»

«እሱንማ ዕድሜዬን ሙሉ ሠርቼዋለሁ። በሌላው ነገር ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እኔንም ጻፈኝ።»

በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ፣ መታወቂያዋን በፌስታል ጠቅልላ መጣች። ፎቶ ቤት ገብታ ፎቶም ተነሥታለች። «ፎቶ እኮ አያስፈልግም» ብላት፣ «ይኑር» አለች።

እኔን ደግሞ ይሉኝታ ያዘኝ። እናቱን አስቀደመ እንዳልባል፣ ተራዋ በደረሰ ቁጥር «አንቺ ቆዪ፣ እነሱ ይቅደሙ» እያልኩ አግዳሚው ላይ አስቀመጥኳት። በሁለተኛውም ቀን እንደዚያው። ሦስተኛው ቀን የምዝገባው መጨረሻ ነበር፤ ሰዉ ጎረፈ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የጣቢያው ኃላፊ መዝገቡን ዘጋች። እናቴ አግዳሚው ላይ ነበረች። አንዲት ሰው ቀረችን ብል ምን ነበረበት? እስክሪብቶዬን ከደንኩ።

«አለቀ?» አለችኝ።

«አለቀ።»

«እሺ፣ እንሂድ።»

መንገድ ላይ ስለ ዝናቡ ብቻ አወራን።

የምርጫው ዕለት ጣቴን ቀለም ተቀብቼ ቤት ገባሁ። እጄን ያዘችና አገላብጣ አየችው።

«ያማል እንዴ?»

«አያምም።»

እውነቴን ነው፣ ምንም አልተሰማኝም። በሚቀጥለው ምርጫ የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ አንቺ ነሽ አልኳት። እሺ አለች።

የሚቀጥለው ሳይመጣ ሞተች። ለለቅሶው ፎቶ ሲፈለግ፣ ብቻዋን የተነሣችው ሌላ አልተገኘም። በትልቁ አሳትመን ድንኳኑ ውስጥ ያቆምነው ያንኑ ነው። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቀጥ ብላ ታያለች። አላለቀስኩም። ወንበር አቀርብ ነበር፣ ውኃ አድል ነበር።

የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ፎቶውን እያዩ፣ «እንዴት ታምራለች! ለምን ተነሥታው ነው?» ይሉኛል።

«እንዲሁ ነው» እላለሁ።