ቀደዳው ያላቋረጠው ኪኒን

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ የሚጠራው «ቀደዳው» እያለ ነው። መቀሱን ሲያነሳ ወሬውም አብሮ ይነሳል። አንዴማ የአንበሳ ጎፈር ከርክሜያለሁ ብሎ ክንዱ ላይ ያለውን ጠባሳ አሳይቷል፤ ጠባሳው የካውያ ነው። እዚያው ፀጉር ቤት ፎጣ የምታጥበው ሚስቱ ለአንዱም ወሬው መስክራ አታውቅም።

ኤች አይ ቪ በደሙ እንዳለ ያወቀው ሳንባ ነቀርሳ አልጋ ላይ ሲጥለው ነው። ወራት ሙሉ ኪኒን ውጦ ተነሳ። ያኔ ሚስቱ ቁርጡን ነግራዋለች፤ «በሌላው እንደፈለግህ ዋሽ። በኪኒኑ ከዋሸኸኝ ግን አብሬህ አልኖርም።»

በዓመቱ ሳሉ ተመልሶ መጣ። የጤና ጣቢያው ነርስ የአክታውን ውጤት አይታ፣ «መድኃኒቱን አቋርጠዋል ማለት ነው» አለችው፣ ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ።

«አንዲት ፍሬ አልዘለልኩም» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ይመርመር። የዋሸሁበትን ቀን እኔ አውቀዋለሁ፤ ይሄ አይደለም።»

ማን ይመነው? ሚስቱ ቤት እንደገባች ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ከተተች። የምርመራውን ውጤት ሰምታ ልትሄድ ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የቀደዳው እውነት ያደረው ማቀዝቀዣ ውስጥ ነበር። የላብራቶሪ ባለሙያዋ የመጀመሪያ ሕመሙን ጀርም በበረዶ አቆይታዋለች። የድሮውንና የአዲሱን ዘረ መል አውጥታ ጎን ለጎን ፎቶ አነሳቻቸውና ባልና ሚስቱን ጠራች። ፎቶው ላይ እንደ መሰላል የተደረደሩ ጥቁር መስመሮች ይታያሉ።

«የድሮው አገርሽቶ ቢሆን መስመሮቹ አንድ ይሆኑ ነበር» አለች። «እነዚህ ግን ጨርሶ አይገናኙም። የድሮውን መድኃኒቱ አጥፍቶታል። ይሄ ከሌላ ሰው በትንፋሽ የመጣ አዲስ በሽታ ነው፤ የሰውነታቸው መከላከያ ገና ስላልጠነከረ ያዛቸው።»

ቀደዳው መታመን አልለመደምና ዕንባው መጣ። ሚስቱ ፎቶውን ደጋግማ አየችው፤ ቤት ስትደርስም ልብሷን አንድ በአንድ ወደ ቁም ሳጥኑ መለሰች።

የሁለተኛውንም ዙር ኪኒን ውጦ ጨረሰ። ፀጉር ቤቱን ዳግም በከፈተ ማግስት ይህንኑ ታሪክ ለደንበኞቹ አወራ።

«ጀርምህም ፎቶ ተነሳ?» አለ ወረፋ የሚጠብቅ አንድ ጎረምሳ። «ይሄስ ከአንበሳው ይብሳል።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቀደዳውም እንደ ልማዱ አብሮ ሊስቅ ሲል፣ ሚስቱ ፎጣ ከምታጣጥፍበት ጥግ ቀና ሳትል፣

«ይሄኛው እውነት ነው» አለች።

ሳቁ ቆመ። መቀሱም ቆመ።