አዲሱ ይሁን ያለው ሰውዬ

ቢሮው ከገባች ሳምንት ያልሞላት ፕሮግራመር አጠገቧ የተቀመጠውን ሰው ስሙን እንኳ በቅጡ አታውቅም። ሹራቡ ክርኑ ላይ ሳስቷል፤ ከመናገሩ በፊት መነጽሩን ይወለውላል። የከተማውን የውሃ ስርጭት በካርታ የሚያሳየውን ድረ ገጽ ብቻውን የሠራው እሱ ነው ይባላል። በዛሬው ስብሰባ ድረ ገጹ እንደገና የሚሠራበት ፕላትፎርም ይመረጣል፤ እሱ ዕድሜውን የፈጀበት አሮጌው ነው ወይስ ወጣቶቹ የሚምሉበት አዲሱ?

«ጋሼ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አለ አለቃው ለወጉ ያህል።

ሰውየው መነጽሩን ወለወለ። «አዲሱ ይሁን። አሮጌውን ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም። እኔ ከሌለሁ ማን ያስነሳዋል?»

«እንዲህ ነው እንጂ!» አለቃው ጠረጴዛውን መታ። ክርክሩ ባጭሩ ስለተቀጨ ሁሉም አጨበጨቡ።

ሰውየው መነጽሩን ሲያጠልቅ እጅጌው ሸሸት አለና ሆስፒታል ለተኛ ሕመምተኛ የሚታሰረው መለያ አንጓው ላይ ታየ። ልጅቷ ደነገጠች።

«ጋሼ፣ አሞዎታል እንዴ?» አለች በሹክሹክታ።

«ተይው ልጄ፣ ስብሰባ ላይ ነን» አለና እጅጌውን ጎተተ።

አለቃው በአዲሱ ፕላትፎርም ማን ይሠልጥን ወደሚለው አልፎ ነበር። «ጋሼን እንኳ እንተዋቸው፤ በዚህ ዕድሜ ምን ያደርግላቸዋል?»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ሰውየውም አብሯቸው ሳቀ።