ከግመሉ በታች የቀረው አሳማ

ከደብረ ሲና ቁልቁለት እስከ ጀውሃ ድረስ ኮምፒውተር ቢታመም መድኃኒቱ እኔ ነኝ። መብራት እንኳ ከመጥፋቱ በፊት እኔን ያስፈቅዳል። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ይህን የሚጠራጠር ሰው የለም፣ ከቤተሰቦቼ በቀር። ባለፈው ሳምንት ልጄ ላፕቶፗን ይዛ መጣችና «አባዬ፣ የዚህን ፕሮግራም አይኮን ቀየርኩት፤ ትልቁ ተቀየረ፣ ታች ያለው ትንሹ ግን እምቢ አለኝ» ስትለኝ ላብ አጠመቀኝ። ሙቀቱ ነው አልኳት። ሮቢት ውስጥ ሙቀት የማይሸፍነው ጉድ የለም።

ይህ ጣጣ ከብዙ ዓመት በፊትም ደርሶብኛል፤ ያኔ ጢሜ በቅጡ ያልበቀለ ጎረምሳ ነበርኩ። እትዬ ዘሀራ የማሾ ነጋዴ ናቸው፤ መጋዘናቸው አስፋልቱ ዳር ነበር። ማሾ ሲገባ ጆንያው እስከ ጣሪያ ይደረደርና አቧራው ከጎረቤት ሽንኩርት ሽታ ጋር ተደባልቆ መንገደኛውን ሁሉ ያስነጥሰዋል። የወንድማቸው ልጅ ከአዲስ አበባ አሮጌ ኮምፒውተር አምጥቶ፣ ቫይረስ አይነካውም ብሎ ሊኑክስ የሚባል ሲስተም ጭኖላቸው ሄደ። የሒሳብ ፕሮግራሙ አይኮን ግን ፈረንጅ ሳንቲም የሚያጠራቅምበት ሮዝ አሳማ ነበር።

«ሰይፉ፣ ይህን እንስሳ አውጣልኝ» አሉኝ፣ ጣታቸውን ስክሪኑን ሳያስነኩ። «ዓርብ ከሶላት በኋላ ሐጂ ይማም ሽማግሌዎቹን ይዘው ይመጣሉ። የመስጊዱን መዋጮ ሒሳብ እኔ ልያዝ ብዬ ኮምፒውተሩን ሊያዩ ነው። የመስጊድ ገንዘብ አሳማ ሆድ ውስጥ ከተተች ልባል?»

«በምን ልቀይርልዎት?»

«በግመል። አያቴ ወደ አሊዩ አምባ ገበያ ጨው ያመላለሱት በምን ሆነና?»

«ቀላል ነው» አልኩ። ይህ ቃል ያላመጣብኝ ጣጣ የለም።

የአይኮኑን ፋይል በሥዕል ፕሮግራም ከፍቼ ግመል ሳልኩ። ውኃ የጠማው እስኪመስል ድረስ ሕይወት ነበረው። ዴስክቶፑ ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም እትዬ ዘሀራ በደስታ ማንጎ ቆረጡልኝ። ማንጎው አፌ ውስጥ እንዳለ ፕሮግራሙን ከፈቱት። ከስክሪኑ ግርጌ ካለው መስመር ላይ ያው አሳማ፣ ትንሽ ሆኖ፣ ብቅ አለ።

ለካ አንድ የአይኮን ፋይል አንድ ሥዕል አይደለም። አንዱ ሥዕል በተለያየ መጠን፣ ከትልቅ እስከ ትንሽ፣ እንደ ድስት ተደራርቦ ነው የሚቀመጠው፤ ኮምፒውተሩ ለየቦታው የሚስማማውን እየመረጠ ያወጣል። እኔ የቀየርኩት የላይኛውን ብቻ ነው። ከሥሩ አሳማው ከነግልገሎቹ ተኝቷል።

ወደ ታች እየወረድኩ አንድ በአንድ ግመል አደረግኋቸው። የመጨረሻው ግን ከማሾ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ሻኛውን ሳስገባ አንገቱ ይወጣል፤ አንገቱን ስመልስ እግሩ ይጠፋል። ሁሉንም ሳጨናንቀው ወፍራም፣ አጭር እግር ያለው፣ አፍንጫው የተደፈጠጠ ነገር ይሆናል። ትንሹን ጨርሶ ሳጠፋው ደግሞ ኮምፒውተሩ ትልቁን ግመል በገዛ ራሱ አሳንሶ ያመጣል፤ እሱም አሳማ ይመስላል። የፈረንጁን አሳማ አጥፍቼ የራሴን አረባሁ። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ፤ ዓርብ ግን አልተቀመጠም።

ሐጂ ይማም ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። «ማሻ አላህ፣ ግመል» አሉ። ከዚያ ጣታቸው ወደ ታች ወረደ። «ይህስ?»

እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።

«እሱው ግመል ነው፣ ሐጂ» አሉ እትዬ ዘሀራ። «ሩቅ ሆኖ ነው።»

«አንቺ ዘሀራ፣ እኔ ግመል ስጠብቅ ያደግሁ ሰው ነኝ። ግመል ከሩቅ ሲመጣ አንገቱ ነው የሚቀድመው። የዚህ ሆዱ ቀድሟል።»

አንዱ ሽማግሌ ሳል አስመስለው ሳቁ። ሐጂ አልሳቁም። ቀና ብለው «ሒሳብ አዋቂዋ አንቺ ነሽ፤ አንቺው ያዢው። ይህ ነገር ግን ይሸፈን» አሉ። ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ሁለተኛ እንስሳ እንዳትስል።»

እትዬ ዘሀራ ለተቆረጠ ጣት ያስቀመጡትን ፕላስተር አምጥተው የስክሪኑ ግርጌ ላይ ለጠፉት። መስጊዱ ተሠርቶ አለቀ። ኮምፒውተሩ እስኪሞት ፕላስተሩ አልተነሳም።

ይህን ሁሉ ለልጄ አልነገርኳትም። «ተዪው፣ አየዋለሁ» ብቻ አልኳት። እሷ ግን ዓይኗ ጠረጴዛዬ ላይ ወዳለው የእኔ ኮምፒውተር ሄደ።

«አባዬ፣ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው ፕላስተር ምንድን ነው?»

ሙቀቱ ነው ማለት አይቻልም። ከሥሩ ያለችው አንዲት ቀይ የማስጠንቀቂያ ምልክት ናት፤ ከመጣች ከርማለች። ማጥፋት ስላልቻልኩ ሸፈንኳት።