ወርቅ የማያውቀው መሣሪያ

ዩኒቨርሲቲ በላቦራቶሪ ቴክኒሻንነት ሥራ በጀመርኩበት ቀን የፊዚክስ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የጨረር መለኪያ አስታቀፉኝ። ተማሪዎች በክረምት እረፍታቸው ምርምር የሚለማመዱበት ዕድል ተገኝቶ ነበር። የሦስተኛ ዓመቷ ሐያት የመረጠችው ርዕስ የመርካቶ ውዳቂ ብረት ጨረር ይኖረው እንደሆነ መለካት ነው። ኃላፊው «አግዛት፤ መሣሪያው ግን ከእጅህ እንዳይወጣ» አሉኝ። ከእኛ ይልቅ ለእሱ እንደሚሳሱ ገባኝ።

ሐያት እዚያው መርካቶ፣ ሰባተኛ ሰፈር ተወልዳ ያደገች ናት። ምናለሽ ተራ ውዳቂ ብረት የሚነግዱትን ጋሽ ሸምሱን አስፈቅዳልን ጠዋቱን ሙሉ ግቢያቸውን ዞርን። መሣሪያው አልፎ አልፎ ጠቅ ይላል፤ ያን ያህል ጥቂት ጨረር የትም ቦታ ያለ ነው። ሠራተኞቹ ሥራቸውን ትተው ይከተሉን ጀመር።

ከሰዓት በኋላ ዙሪያውን የተበየደ፣ ቡጢ የሚያህል ብረት አጠገብ ስንደርስ መሣሪያው ያለማቋረጥ ይጮህ ጀመር። መርፌው ዳር ድረስ ሄደ። ሐያትን ክንዷን ይዤ ወደ ኋላ ሳብኳት። ሠራተኞቹ ግን ወደ ፊት መጡ።

«አገኙት» አለ አንዱ።

ለካ ወርቅ የምንፈልግ መስሏቸው ኖሯል። ጋሽ ሸምሱ መዶሻና መሮ ይዘው ብረቱ ላይ ጎንበስ አሉ።

«ጋሼ፣ እባክዎ አይክፈቱት። ጨረር አለበት፤ ሰው ይገድላል» አልኳቸው።

«እኔን ሲሆን ይገድላል፤ እናንተ ስትወስዱት ግን አይገድልም» አሉ።

በለመንኳቸው ቁጥር የብረቱ ዋጋ በዓይናቸው እየጨመረ ሄደ። ፈራሁ። ውስጡ ያለው ከተበተነ የሚጎዱት እሳቸው ብቻ አይደሉም፤ የቆምነው ሁሉ ነን።

ሐያት መለኪያውን ከእጄ ነጠቀችና ወደ በሩ ሄደች። እዚያ ጩኸቱ ረገበ።

«ጋሽ ሸምሱ፣ አንዴ እዚህ ይምጡልኝ። የወርቅ ጥርስዎን ያሳዩኝ።»

መዶሻቸውን እንደያዙ ሄዱና ግራ ተጋብተው አፋቸውን ከፈቱ። መለኪያውን አስጠጋችላቸው። የጠዋቷ ጠቅታ ብቻ ናት።

«ጥርስዎ እውነተኛ ወርቅ አይደለም እንዴ?»

«ጅዳ ያስተከልኩት ነው» አሉ ቅር ብሏቸው።

«እንግዲያው ይሄ መሣሪያ ወርቅ አያውቅም። እዚያ ያስጮኸው ሌላ ነገር ነው።»

ጋሽ ሸምሱ ጥርሳቸውን በምላሳቸው ዳሰስ አደረጉ። ከዚያ መዶሻውን አስቀምጠው ሠራተኞቹን «ውጡ» አሏቸው። እኛ የጠራናቸው የጨረር ባለሙያዎች መጥተው ብረቱን ጨረር በማያሳልፍ የእርሳስ ብረት ሣጥን እስኪወስዱት ድረስ እሳቸው ደጃፉ ላይ ቆመው ማንንም አላስገቡም።

አሁንም በየክረምቱ ለምርምር የሚመጡ ተማሪዎችን ይዤ እወጣለሁ። መለኪያውን ከማብራታችን በፊት ለባለቤቱ ምን እንደምንፈልግ እንነግረዋለን። ምን እንደማንፈልግም እንነግረዋለን።